ከእንጨቱ ፈቃድ ባሻገር የቆራጩ ብቃትም ይታይ

ከሆለታ ተነሥቶ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪና በአምቦ በኩል ወደ ጉደርና ወደ ጌዶ የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና የሚያውቅ ሰው የምዕራብ ሸዋ አርሶ አደር ከጤፍና ከስንዴው ቀጥሎ የሚተማመነው በምን እንደ ሆነ አይጠፋውም። በማሳው ዳር፣ በጓሮውና በተዳፋቱ ላይ የቆመው ባህር ዛፍ ነው። ልጅ ሲዳር፣ የተማሪ ወጪ ሲመጣ፣ ቤት በቆርቆሮ ሲከደን፣ ለማዳበሪያ ጥሬ ገንዘብ ሲያስፈልግ ተቆርጦ የሚሸጠው እሱ ነው። በጄልዱ ወረዳ ደጋማ ቀበሌዎች ሰብል ይበቅልበት የነበረ መሬት ጭምር ወደ ባህር ዛፍ መዞሩ ተመራማሪዎች በተደጋጋሚ የጻፉበት ጉዳይ ነው።

አካባቢው ከእንጨት ጋር ያለው ቁርኝት የቆየ ነው። በ1890ዎቹ ዓ.ም አዲስ አበባ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ሲያጥራት አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ አስጀምረው ነበር። በኋላ ከውጭ የመጣው ባህር ዛፍ ቶሎ ቶሎ እያደገ የእንጨቱን ጥም ሲያስታግስ ዋና ከተማዋ ባለችበት ጸናች። የእንጨት ነገር የመንግሥት መቀመጫን እስከ ማስነሣት የሚደርስ መሆኑን የሚያስታውስ ታሪክ በዞናችን ውስጥ ቆሞ ይገኛል ማለት ነው።

ስለ ዛፍ መትከል ባለፉት ዓመታት ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተሠርቷል። በ2011 ዓ.ም በተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተገልጿል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየክረምቱ በወል መሬትና በግል ይዞታ ከተተከለው ውስጥ በፍጥነት የሚያድገው ዛፍ ለመቆረጥ እየደረሰ ነው። ስለ መቁረጥ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ችግኙን ማን እንደ ተከለው፣ ስንቱ እንደ ጸደቀ ሪፖርት እንጠይቃለን። ሲደርስ ማን እንደሚቆርጠው፣ ምን ዓይነት ሙያ ይዞ እንደሚቆርጠው ግን አንጠይቅም። የዛሬው ርዕሰ ጉዳያችን ይህ ክፍተት ነው። የዛፍ ቆረጣን በተቋራጭነት የሚሠሩ ሰዎችና ማኅበራት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ሊኖራቸው ይገባል እንላለን።

ዛሬ ያለው አሠራር

አርሶ አደሩ ብዙውን ጊዜ ዛፉን የሚሸጠው እንደ ቆመ ነው። ነጋዴ ወይም ደላላ መጥቶ በዓይኑ ይገምታል፤ በጥቅል ዋጋ ይነጋገራሉ፤ ከዚያም ነጋዴው የቀጠራቸው ወጣቶች መጥረቢያና መጋዝ ይዘው ይገባሉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቆርጣሉ፤ ጨፈቃውን፣ ማገሩን፣ ወራጁንና ቋሚውን ይለያሉ፤ በአይሱዙ ጭነው ይሄዳሉ። የጽሑፍ ውል አይኖርም። ቢኖርም ስለ ዋጋ እንጂ ስለ አቆራረጥ አይናገርም።

የመንግሥት ዓይን በዋናነት የሚያርፈው እንጨቱ መኪና ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ኬላ ላይ የሚጠየቀው የእንጨቱ ወረቀት ነው። ወረቀቱ እንጨቱ ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ ይነግረናል። ጉቶው በምን ሁኔታ እንደ ቀረ፣ ተዳፋቱ እንዴት እንደ ተረገጠ፣ በሥራው ላይ ማን እንደ ተጎዳ ግን አይነግረንም። አንድ የመማሪያ ክፍል ለመሥራት ተቋራጭ ደረጃና ፈቃድ ይጠየቃል። መኪናውን የሚነዳው ሰው መንጃ ፈቃድ አለው። አንድ ሙሉ ኮረብታ ገፍፎ የሚሄደው ቆራጭ ግን በሙያው የሚጠየቅበት መንገድ የለም።

ጉዳቱ የት ላይ ነው?

የመጀመሪያው ጉዳት ጉቶው ላይ ነው። ባህር ዛፍ አንዴ ተተክሎ ደጋግሞ የሚቆረጥ ዛፍ ነው። የአርሶ አደሩ ሀብት ከመሬት በላይ የቆመው ግንድ ብቻ ሳይሆን ከተቆረጠ በኋላ የሚያቆጠቁጠው ጉቶም ነው። ባለሙያዎች የሚመክሩት ከመሬት ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ የዝናብ ውኃ እንዳይተኛበት በትንሹ አዘንብሎ፣ ልጡ ሳይገነጠል እንዲቆረጥ ነው። የሚቸኩል ሰው ጎንበስ ማለት ስለማይፈልግ በጉልበቱ ከፍታ ይቆርጣል። ያልተሳለ መጥረቢያ ደግሞ ልጡን ይገሸልጠዋል። ከከፍታው ላይ የሚወጣው ቡቃያ በነፋስ በቀላሉ ይገነጠላል፤ ልጡ የተላጠው ጉቶም ይበሰብሳል። ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ገንዘቡን ተቀብሎ ከጨረሰ በኋላ፣ በቀጣዩ ክረምት ነው። በአንድ ቀን ጥድፊያ የጠፋው የዓመታት ምርት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ሰው ላይ ነው። ዛፍ ቆረጣ በዓለም ላይ እጅግ አደገኛ ከሚባሉት ሥራዎች አንዱ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ለደን ሥራ ደኅንነትና ጤንነት ራሱን የቻለ የአሠራር መመሪያ ያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። መሠረታዊዎቹ ሕጎች አስቸጋሪ አይደሉም። ዛፉ በሚወድቅበት በኩል ከግንዱ ውፍረት አንድ አራተኛ ያህል አፍ ይከፈትለታል። ከኋላ ሲቆረጥ ግንዱ እንደ ማጠፊያ ይዞ እንዲያወርደው ጥቂት ሳይቆረጥ ይተዋል። ከቆራጩ በስተቀር ማንም ሰው ከዛፉ ቁመት እጥፍ በሚያንስ ርቀት ላይ አይቆምም። ቆራጩም መጋዙን ከመነካቱ በፊት የሚሸሽበትን መንገድ ያጸዳል። እነዚህን የሚያስተምር ሰው ባለመኖሩ ወጣቶቻችን የሚማሩት ከአደጋ ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅና ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ እንዲሆን ያስገድዳል። ነገር ግን ያለ ውል በቀን ሂሳብ የሚሠራ ልጅ እግሩ ላይ ግንድ ሲወድቅበት አሠሪዬ ብሎ የሚከሰው ማንን ነው? ነጋዴው ዛፍ ገዢ ነኝ ይላል፤ ባለ ዛፉ ሽጫለሁ ይላል፤ ደላላው አገናኘሁ እንጂ አልቀጠርኩም ይላል።

ሦስተኛው ጉዳት በአፈርና በውኃ ላይ ነው። አዋሽ የሚነሣው በጊንጪ አካባቢ ካሉት ከፍታዎች ነው። ጉደር ደግሞ ወደ ዓባይ ይወርዳል። በእነዚህ ተዳፋቶች ላይ ግንድ ቁልቁል በአንድ መስመር ሲጎተት የሚቀረው ቦይ የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ የጎርፍ መንገድ ይሆናል። የሠለጠነ ቆራጭ መሬቱ ሲደርቅ ይጎትታል፤ ቅርንጫፉን በተዳፋቱ አግድም ይደረድራል፤ ከምንጭና ከወንዝ ዳር ያለውን አይነካም። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ዕውቀትና ተጠያቂነት እንጂ ውድ መሣሪያ አይደለም።

አራተኛው የሚዛን ጉዳይ ነው። በዓይን ግምት የተሸጠ ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅመው ግምቱን በየቀኑ የሚሠራውን ነጋዴ እንጂ በዓመታት አንዴ የሚሸጠውን አርሶ አደር አይደለም። ግንዶቹን በውፍረት ለይቶ ቆጥሮ የሚያስረክብ ተቋራጭ ቢኖር ገዢም ሻጭም የሚከራከሩበት ቁጥር በእጃቸው ይኖራል።

የተፈጥሮ ደኑም አለ

ከእርሻ ዳር ዛፍ አልፎ የተፈጥሮ ደን ያለበት ዞን ነው ያለን። በደንዲ ወረዳ የሚገኘው የጭሊሞ ደን፣ የጅባት ደን፣ በጨሊያ ወረዳ የሚገኘው የጌዶ ደን ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ሌሎች አገር በቀል ዛፎች የሚገኙባቸው ናቸው። በ1986 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ከዚያ በኋላ የወጡት የደን አዋጆች፣ በ2010 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ጭምር፣ የግልንና የመንግሥትን ደን ለይተው እያንዳንዱ እንዴት እንደሚለማና ጥቅም ላይ እንደሚውል ደንግገዋል።

ጭሊሞ በአገራችን አሳታፊ የደን አስተዳደር ከተጀመረባቸው ቀዳሚ ቦታዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ፋርም አፍሪካ በተባለው ድርጅት ድጋፍ ሥራው ሲጀመር በደኑ ዙሪያ የሚኖሩ ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ደኑን እንዲጠብቁና በዕቅድ እንዲጠቀሙ ስምምነት ተደረሰ። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ደን የሚጠበቀው ከደኑ የሚጠቀመው ሰው ኃላፊነት ሲወስድ ነው። ይኸው ጭሊሞ በ2008 ዓ.ም በጊንጪ ለተነሣው ሕዝባዊ ተቃውሞ መነሻ ከሆኑት ጥያቄዎች አንዱ እንደ ነበርም አንረሳም። ደኑን ማን ይቆርጠዋል፣ በማን ፈቃድ ይቆርጠዋል የሚለው ጥያቄ ለዚህ ሕዝብ ቀላል ጥያቄ ሆኖ አያውቅም።

የደንና የእርሻ ዛፍ ድንበር በተቀራረበበት ቦታ ማንነቱ ያልታወቀ ቆራጭ ትልቅ አደጋ ነው። ከባህር ዛፉ ጭነት መካከል የጥድ ግንድ ቢገኝ ኬላ ላይ የሚጠየቀው ሹፌሩ ነው። ጥዱን የገነደሰው እጅ ግን በማግስቱ ሌላ ቀበሌ ይሠራል። ብቃቱ ተመዝኖ ስሙ የተመዘገበ ቆራጭ ግን የሚያጣው ነገር አለው፤ የሙያ ፈቃዱን ያጣል።

ሌሎች ምን አደረጉ?

በአሜሪካ ሜይን በተባለው ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የቆረጣ ተቋራጮች በሠሩበት ቦታ ተመዝነው የሚሰጣቸው የሙያ ማረጋገጫ አለ። መዛኞቹ ቢሮ ውስጥ ፈተና ከመስጠት ይልቅ ወደ ተቆረጠው ቦታ ሄደው አፈሩን፣ ወንዙን፣ የቀረውን ዛፍ ያያሉ።

ጎረቤታችን ኬንያ ያሳለፈችው መንገድ ሌላ ትምህርት ይዟል። ሕገ ወጥ ቆረጣ ስለ በረታና ወንዞች ስለ ጎደሉ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 በመንግሥትና በማኅበረሰብ ደን ውስጥ ቆረጣ በሙሉ ታገደ። እገዳው ከአምስት ዓመት በላይ ቆየ፤ በ2023 ይነሣ ሲባልም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጥሩና መጥፎ ቆራጭ በማይለይበት አገር መንግሥት በመጨረሻ የሚቀረው መሣሪያ ሁሉንም በአንድ ላይ መዝጋት ነው። ያን ጊዜ የሚጎዳው በሕግ ሲሠራ የነበረው ነው።

ከራሳችን ክልልም ምሳሌ አለ። በጅማ ዞን በበለጠ ገራ ደን የሚኖሩ ቡና አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2007 ለደን ቡናቸው ዓለም አቀፍ ማረጋገጫ አግኝተው ነበር። በሳተላይት ምስል የተደገፈ ጥናትም ማረጋገጫ ያገኘው የደን ክፍል ካላገኘው በተሻለ ሁኔታ እንደ ተጠበቀ አሳይቷል። አርሶ አደር ለደንብና ለምርመራ አይመችም የሚለው አባባል በዚያ ውድቅ ሆኗል። ጥቅሙ ከታየ ደንቡን ራሱ ያስከብራል።

ምን ይደረግ?

መነሻው በእጃችን ነው። የቴክኒክና ሙያ ሥርዓታችን ለብዙ ሙያዎች የብቃት ምዘና ይሰጣል፤ ትምህርት ቤት ሳይገባ በልምድ የሠለጠነ ሰውም የሚመዘንበት አሠራር አለው። የግንበኛና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሙያ ሲመዘን የዛፍ ቆራጭ ሙያ የማይመዘንበት ምክንያት የለም። የግብርና ትምህርት መነሻ ያለው አምቦ ዩኒቨርሲቲ በመሐላችን ነው። የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅትም ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ የደን ልማትና ሽያጭ ልምድ አካብቷል። እነዚህ ተቋማት ከዞኑ ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር ሆነው የሚከተሉትን ቢጀምሩ እንመክራለን።

አንደኛ፣ ማረጋገጫው በሁለት ደረጃ ይሁን። አንዱ መጋዝና መጥረቢያ ለሚይዘው ሠራተኛ የሚሰጥ የብቃት መታወቂያ ነው። ሌላው ሠራተኛ ቀጥሮ ውል ለሚፈርመው ተቋራጭ ወይም ማኅበር የሚሰጥ ነው። ተቋራጩ መታወቂያ ያላቸውን ሠራተኞች ማሠራት፣ የራስ ቁርና የመሳሰለውን መከላከያ ማቅረብ፣ ለጉዳት ኃላፊነት መውሰድ ይኖርበታል።

ሁለተኛ፣ ምዘናው መስክ ላይ ይሁን። አንድ ዛፍ በታሰበለት አቅጣጫ መጣል፣ ጉቶን በትክክል መቁረጥ፣ መጋዝ መሳል፣ አገር በቀል ዛፎችን መለየት በቂ ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ልምድ ያለው ቆራጭ በወረቀት ፈተና መውደቅ የለበትም። ለተቋራጩ ደግሞ ዋናው መዛኝ ክረምቱ ነው። ቆርጦ በሄደበት ቦታ ከአንድ ክረምት በኋላ ስንቱ ጉቶ አቆጠቆጠ? የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ይህን ቆጥሮ መመዝገብ ይችላል፤ ማረጋገጫው ሲታደስም መዝገቡ ይታያል።

ሦስተኛ፣ በጥቂት ወረዳዎች በሙከራ ይጀመር። ኤጀሬ፣ ደንዲና ጄልዱ ለዚህ የሚመቹ ይመስለናል። ገበያው ቅርብ ነው፣ ባህር ዛፉ ብዙ ነው፣ የተፈጥሮ ደንም በአቅራቢያው አለ።

አራተኛ፣ ፍላጎቱን መንግሥት ይፍጠር። የመንግሥት ደን የሚቆረጥበት ጨረታ፣ ለኤሌክትሪክ ምሰሶ የሚገዛ እንጨት፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ግንባታ የሚቀርብ አጠናና ጣውላ ማረጋገጫ ባለው ተቋራጭ የተቆረጠ እንዲሆን ቢጠየቅ ወጣቱ ማረጋገጫውን የሚፈልገው ተገዶ ሳይሆን ሥራ ስለሚያገኝበት ይሆናል።

ሌላ ኬላ እንዳይሆን

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን። ሌላ ወረቀት፣ ሌላ ማኅተም፣ ሌላ ምልልስ ነው የሚል ነው። ሥጋቱ መሠረት አለው። ብቃትን ለማሳደግ የታሰበ ወረቀት የጉቦ መጠየቂያ ሲሆን፣ ድሃውን ከሥራ ሲያስወጣና ገንዘብ ያለውን ሲያስገባ ማየት አዲስ አይደለም። ስለዚህ ገደቡ ከመጀመሪያው ይጻፍ። የራሱን ዛፍ በራሱና በቤተሰቡ እጅ ወይም በደቦ የሚቆርጥ አርሶ አደር ማረጋገጫ አይጠየቅ። የተወሰነ የሽግግር ጊዜ ተሰጥቶ ሥልጠናው ከምዘናው ይቅደም። ክፍያው የቀን ሠራተኛ የሚችለው ይሁን። የተመዘኑ ተቋራጮች ስም በየቀበሌው ይለጠፍ። መዛኙና ፈቃድ ሰጪው አንድ ሰው አይሁን። ማረጋገጫ የተነጠቀ ሰውም ቅሬታውን የሚያቀርብበት ቦታ ይኑረው።

ሌላውም ነገር በግልጽ ይነገር። ማረጋገጫ የተሰጠው ተቋራጭ በኬላ የሚቆይበት ጊዜ ካላጠረ፣ ጨረታ ላይ ካልተመረጠ፣ የሚያገኘው ጥቅም ከሌለ ሥርዓቱ በወረቀት ይቀራል። ደንብ አክብሮ የሚሠራ ሰው ከማያከብረው ጋር እኩል ከተንገላታ በሚቀጥለው ዓመት ደንቡን ማክበር ያቆማል።

እስከዚያው ድረስ

ሥርዓቱ እስኪዘረጋ አርሶ አደሩ እጁን አጣጥፎ መጠበቅ የለበትም። ዛፍ ከመሸጡ በፊት ግንዶቹን በመደብ ለይቶ ይቁጠር። ውፍረትን ለማወቅ ዙሪያውን በገመድ ለክቶ ለ3.14 ማካፈል ይበቃል፤ ዙሪያው 47 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግንድ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ውሉ በጽሑፍና በምስክር ይሁን። የጉቶው ቁመት፣ ሥራው የሚያልቅበት ቀን፣ ቅርንጫፉ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ጉዳት ቢደርስ ተጠያቂው ማን እንደ ሆነ ይጻፍበት። ከዋጋው ጥቂቱ ቆረጣው አልቆ ጉቶው ከታየ በኋላ ለቆራጮቹ እንዲከፈል መስማማትም ይቻላል። ከተቆረጠ በኋላ ቡቃያው ዓመት ሲሞላው በየጉቶው ሁለት ወይም ሦስት ጠንካሮቹን አስቀርቶ ሌላውን መልቀም አይዘንጋ።

የወረዳ አመራሮችና የግብርና ባለሙያዎችም ከላይ መመሪያ እስኪወርድ የሚጠብቁት ነገር የለም። በወረዳቸው በቆረጣ ሥራ የተሰማሩትን ሰዎችና ማኅበራት መመዝገብ፣ አንድ ገጽ የውል ናሙና በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አዘጋጅቶ በየቀበሌው መበተን፣ በየገበያው ቀን የግማሽ ቀን የደኅንነት ትምህርት መስጠት በእነሱ አቅም ውስጥ ነው። ለወጣቶች የሥራ ዕድል ስንፈጥር መጥረቢያ ብቻ አስይዘን ከመላክ ይልቅ ሙያም እናስይዛቸው።

አባቶች ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ። የእንጨት ቁጥጥራችን እስካሁን የያዘው የነገሩን ጫፍ፣ ጭነቱን ነው። ሥሩ ያለው ጉቶው ጋ፣ መጋዙን በያዘው እጅ ላይ ነው። የዞኑ አስተዳደርና የክልሉ የሚመለከታቸው ተቋማት ከመጪው የቆረጣ ወቅት በፊት ቢያንስ በአንድ ወረዳ ምዝገባና ሥልጠና እንዲጀምሩ እንጠይቃለን። ያን ጊዜ የምዕራብ ሸዋ አርሶ አደር ዛፉን ሲሸጥ የሚቀጥለውን ምርት አብሮ አይሸጥም።